ስለ ሰባተኛው ቱቦ፤ ለእታፈራሁ

እታፉዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ያለሽበት ደኅና ቦታ መሆኑን አምናለሁ። የእኔን ከጠየቅሽ ግን ተናድጃለሁ። ይብረድልኝ ብዬ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ፤ አልበረደልኝም። ልጃችን ቤቴል «አባ፣ በንዴት ደብዳቤ አይጻፍም» ብትለኝም ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ እንደተናደድኩ ነው። ሰው ሁሉ እንዲያነበውም እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ አንቺ አሳምረሽ የምታውቂውን ነገር ጭምር ብደግመው ታገሺኝ።

መጀመሪያ የቤታችንን ወሬ ልንገርሽ። ሰፈራችን ፎረስት ፓርክ ያው ነው። ማሞቂያው ባለፈው ጥር በዚያ ብርድ መሀል ቀጥ ብሎ ቆመና በአዲስ ተካነው። ልጃችን አፓርታማዋን ለቃ እኛ ቤት ገብታለች፤ ለእኔ ስትል እንደሆነ ለሰው ትናገራለች፣ እኔም አላስተባብልም። ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ ዳውንታውን፣ መሀል ከተማ፣ ትወርዳለች፤ ያው የስቴቱ ቢሮ ነው የምትሠራው። ወጥ ቤቱን ቢጫ ቀባችው። አንቺ ብትኖሪ አታስቀቢያትም ነበር። እኔ ጉልበቴ የዕቃ ማንሻውን መኪና፣ ፎርክሊፍቱን፣ መንዳት እምቢ ስላለ፣ ካናል ዊንቸስተር ያለው ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘኑ፣ ውስጥ አሁን የምሠራው በር ላይ ነው፤ የጭነት መኪና ሲገባ ወረቀቱን አያለሁ። የቸርቻችን ሴቶች እሑድ እሑድ «ጋሼ ደረጀ፣ በልተዋል ወይ?» እያሉ ያፋጥጡኛል። የበረዶ ቦት ጫማሽ አሁንም በሩ ሥር ነው። ቤቴል ሁለት ጊዜ ጋራዥ ወስዳ አስቀመጠችው፤ ሁለት ጊዜ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ተወችው።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ነገሩ አሥራ አራት ዓመት ያጸዳሽው የካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን ነው።

አዲስ አበባ ሳለን አንቺ የሕንፃ ዲዛይን መሥሪያ ቤት ፕላን ነዳፊ ነበርሽ፤ እኔ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር። ፕላኑን ጠቅልለሽ ብብትሽ ውስጥ ሸጉጠሽ ትቀመጫለሽ፣ እኔ ሳይት አደርስሻለሁ። ግንበኞቹ መኪናዋን ሲያዩ ልባቸው ይመታ ነበር፤ አንድ የወለል አርማታ፣ ሶሌታ የሚሉት፣ ሁለት ጣት ቢዘቅጥ በዓይንሽ ታውቂያለሽና። ዲቪ ደርሶን ኮሎምበስ ስንመጣ ግን ያን ዓይን የሚፈልግ አልተገኘም። ከቤታችን አሥር ደቂቃ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን የጽዳት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ገባሽ። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ «የካቶሊክ ምስል ልትወለውዪ ነው?» ያለሽ ዘመድም አልጠፋም። አንቺ ግን የመጀመሪያውን ቀን ሥራሽን ጨርሰሽ ስትመለሺ ፊትሽ በርቶ ነበር። «ደሬ፣ ነገ ወስጄ የማሳይህ ነገር አለ» አልሽኝ።

ወሰድሽኝ። እኔ ገና ከመኪናው ሳልወርድ «ይሄ ዳውንታውን ያለውን ፓርኪንግ ጋራዥ ይመስላል እንጂ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል?» አልኩሽ። ጉልላት የለው፣ ቅስት የለው፣ ደወል ቤት የለው። ግራጫ አርማታ ብቻ ነው፤ ጣራው እንደታጠፈ ወረቀት ወጣ ገባ ይላል። ተቆጣሽኝ። እጄን ጎትተሽ አስገባሽኝና ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥሽኝ። «ካህኑ የሚቆምበት ይታይሃል?» አልሽኝ። ይታየኛል። ወደ ግራ ጥግ ወሰድሽኝ፤ እዚያም ይታየኛል። ቀኝ ጥግ ላይ ስታስቀምጪኝ ሳልጠየቅ «ይታየኛል» አልኩ።

«አየህ፣ ምሰሶ የለውም» አልሽኝ። «ጣራውን ያጠፉት ለጌጥ መሰለህ? ወረቀት ሲታጠፍ ይጠነክራል። ስለጠነከረ ምሰሶ አላስፈለገውም። ምሰሶ ስለሌለ ደግሞ ከምሰሶ ጀርባ የሚቀመጥ ድኃ የለም።»

ከዚያ ግድግዳውን በመዳፍሽ ዳበስሽው። ያልተለሰነ፣ ያልተቀባ አርማታ ነው። አርማታው የፈሰሰበት የካሳፎርማው ጣውላ መልክ፣ ጉጡና ጭረቱ ሳይቀር፣ ታትሞበታል። አናጺዎቹ ጣውላውን እንዴት አድርገው እንዳጋጠሙት ደጋግመሽ አሳየሽኝ፤ ስማቸውን የምታውቂያቸው ይመስል ነበር። መሠዊያው አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ እንደ ጡብ የወፈረ ባለ ቀለም መስታወት እየተፈለጠ አርማታው ውስጥ ተቀብሯል። የሰው ሥዕል የለበትም። ፀሐይ ስትገባበት ሰማያዊና ቀይ ሆኖ ወለሉ ላይ ይተኛል። «ሥዕል የለበትም፣ ለእኛም ይሆነናል» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን የእኛ ቸርች የሚሰበሰብበትን አዳራሽ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት አጠገብ ያለውን፣ ከዚህ ጋር አወዳድሬ ትንሽ ቅናት ቢጤ ተሰማኝ፤ አልነገርኩሽም እንጂ።

የአጥቢያውን አሮጊት፣ ሚስ ዶሮቲን፣ ያወቅናት ያኔ ነው። ሕንፃው ሲሠራ፣ በነሱ አቆጣጠር በስድሳዎቹ ውስጥ፣ አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ ባሏ አርማታውን ካፈሰሱት ሰዎች አንዱ ነው። ያን ጊዜ ካቶሊኮች በየአገሩ እንዲህ ያለ አዲስ ዓይነት ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ እንደነበር የነገረችን እሷ ናት። ካህኑ ጀርባውን ሰጥቶ መቀደሱን ትቶ ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ መሠዊያው ከግድግዳው ተላቆ ወደ ፊት መጣ፤ ሕዝቡም ዙሪያውን እንዲሰበሰብ ተፈለገ። «የባሌ እናት ጎተራ ሠራችሁልኝ ብላ አልቅሳለች» ትል ነበር ዶሮቲ። «ኋላ ግን ከዚህ ሌላ ቦታ አልጸልይም አለች።» ይህን ስትሰሚ ደስ ይልሽ ነበር። ሕንፃ እንደ ሰው ነው፣ ቶሎ አይለመድም ትይ ነበር።

እንግዲህ የውሃው ነገር። በስተ ግራ፣ ከማርያም ሐውልት በላይ፣ ግድግዳው ማልቀስ ጀመረ። መጀመሪያ እድፍ፣ ቀጥሎ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር፣ ኋላ ጠብታ። የቤተ ክርስቲያኑ የሕንፃ ኮሚቴ ባልዲ አስቀምጪበት አለሽ፤ አስቀመጥሽ። ሰዉ በባልዲው አጠገብ ባለፈ ቁጥር «ይሄ ዘመናዊ ነገር ድሮም አይረባም፤ እንዲህ ያለ ጣራ መጨረሻው ይኸው ነው» ይል ነበር። አንቺን ያንገበገበሽ ጠብታው አልነበረም፤ ይህ ንግግር ነው። ሕንፃው ሳያጠፋ ተከሰሰ ብለሽ እራት መብላት ያቃተሽን ቀን አስታውሳለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከባድ ዝናብ እየጣለ ልወስድሽ መጣሁ። ጃንጥላ ይዘሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሣሩ ላይ ቆመሻል። ጡሩምባ ብነፋ ብነፋ ዞር አትዪም። ጣራው ስምንት እጥፋት አለው፣ በእጥፋቶቹ መሀል ሰባት ሸለቆ። እያንዳንዱ ሸለቆ ውሃውን ወደ ኋላው ግድግዳ ይልካል። እዚያ ግድግዳው ሆድ ውስጥ የተቀበረ የብረት ቱቦ ተቀብሎ ያወርደውና ከታች በግድግዳው እግር ሥር ይተፋዋል። ስድስቱ እንደ ምንጭ ይተፋሉ። ሰባተኛው የለም። ሰባተኛው ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ፣ በዊልቸር ለሚመጡ ሰዎች ብለው ከብዙ ዓመት በኋላ የሠሩት የሲሚንቶ መወጣጫ፣ እነሱ ራምፕ የሚሉት፣ ተቀምጦበታል። በስብሰሽ መኪናው ውስጥ ገባሽና «ደሬ፣ አፉን ደፍነውታል! ውሃው መውጫ አጥቶ ነው ወደ ውስጥ የሚያለቅሰው» አልሽኝ። በቁጣና በደስታ መሀል ነበርሽ።

የማሞቂያው ክፍል መሳቢያ ውስጥ የድሮውን ፕላን አገኘሽ። ቤት አምጥተሽ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተሽ፣ ለስንት ዓመት ያልያዝሽውን ማስመሪያ ይዘሽ፣ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ነደፍሽው፦ ሰባቱ ሸለቆ፣ ሰባቱ ቱቦ፣ የተደፈነው አፍ፣ ውሃው ተመልሶ የሚሄድበት መንገድ በቀስት። ቤቴል ያኔ ሃይስኩል ናት፤ እንግሊዝኛውን አስተካከለችልሽ። ወስደሽ ለሚስተር ሃዋርድ ሰጠሽው። ሃዋርድ የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ ረጅም፣ ድምፀ ለስላሳ፣ በር የሚከፍትልሽ ሰው። ወረቀቱን ሳይዘረጋው «ቴንኪዩ ስዊትሃርት፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ፕሮፌሽናሎች አሉን» አለሽ።

ፕሮፌሽናሎች! ባለሙያዋ ፊቱ ቆማ ሳለች።

በዓመቱ ቅጂውን ሰጠሽው። ያን ጊዜ ደግሞ «በዝናብ ውጭ አትዙሪ፣ ብትወድቂ ላያቢሊቲ አለብን፣ እኛ እንጠየቃለን» አለሽ። ሦስተኛውን ቅጂ አዲስ ለመጣው ቄስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሽ። መልስ አልመጣም። ባልዲው ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ።

በነሱ ብቻ የምቆጣ እንዳይመስልሽ። እኔም አለሁበት። ሦስተኛው ወረቀት መልስ ባጣ ማግስት «እታፉ፣ ሥራሽ ማጽዳት ነው፤ የካቶሊክ ጣራ ምን አገባሽ?» አልኩሽ። ሳህኑን ማጠብሽን ቀጠልሽ። ሳይት ይዤሽ ስሄድ ግንበኛ ሲርበተበትልሽ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ሌላው ባያውቅ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ያችን ቃል መልሼ ብውጣት ደስ ይለኛል። አልተቻለም። ስለዚህ እዚህ ጻፍኳት፤ ያነበበ ሁሉ ይታዘበኝ።

ከዚያ ታመምሽ፣ ሥራ ለቀቅሽ። አልጋ ላይ ሆነሽ ዝናብ በጣለ ቁጥር «ባልዲውን ማን ይደፋው ይሆን?» ትዪኝ ነበር። ቀብርሽ ላይ የመጣችው ከነሱ ወገን ዶሮቲ ብቻ ናት።

ባለፈው በጋ ዶሮቲ ኮል አደረገችኝ። ድምጿ ደክሟል፤ ዘጠናን አልፋለች። «ሊያፈርሱት ነው» አለችኝ። ውሃው ግድግዳውን በልቶታል፣ ክረምት ላይ እየቀዘቀዘ ሰንጥቆታል፣ መጠገን አይቻልም ብለዋል። ለምእመናኑ ስብሰባ ጠርተዋል። «እታፈራሁ የሆነ ወረቀት ነበራት» አለችኝ። ስምሽን ከመላ አጥቢያው በትክክል የምትጠራው እሷ ብቻ ናት።

ወረቀቱን ያወጣሁት ከልብስ ቁም ሣጥኑ ላይ ካለው ካርቶን ነው። ቤቴል በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። «ዳድ፣ ጀስት ሌት ኢት ጎ» አለችኝ፤ ተወው ማለቷ ነው። «አይሰሙህም። እማን አልሰሟትም፣ አንተን ደግሞ...» ብላ አቋረጠችው። እኔም «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፤ ካልመጣሽ በራሴ እንግሊዝኛ እናገራለሁ» አልኳት። የእኔን እንግሊዝኛ ስለምታውቅ መጣች።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሃዋርድ በትልቅ ስክሪን ላይ እድፉን፣ ስንጥቁን፣ ባልዲዎቹን አሳየ። ያንቺን ባልዲዎች! «እውነቱን እንነጋገር» አለ፤ «ይህ ሕንፃ የዘመኑ ሙከራ ነበር፤ አልተሳካም። ቆንጆም ሆኖ አያውቅም።» አንዳንዱ ሳቀ። ቀጥሎ ሊሠሩት ያሰቡትን አሳየ፤ ጡብ ግድግዳ፣ ሹል ማማ፣ ከፊት ቅስት። መሀል ላይ ሁለት ረድፍ ምሰሶ አለው። እኔ የሾፌር ዓይኔ እንኳ ቆጠራቸው።

እጄን አነሣሁ። «የአጥቢያው አባል ነዎት?» አለኝ። «አይደለሁም። ሚስቴ ግን ይህን ቤት አሥራ አራት ዓመት አጽድታዋለች» አልኩ፤ ቤቴል ተረጎመች። «ኦ፣ ኤታ! ሁላችንም እንወዳት ነበር» አለና አንገቱን ደፋ፤ ቀጥሎ ሰዓቱ እንደጠበበና የመናገር ዕድል ለአባላት ብቻ እንደሆነ በዚያ ለስላሳ ድምፁ አስረዳኝ። ልቀመጥ ጉልበቴ ሲታጠፍ ዶሮቲ መራመጃዋን ተደግፋ ተነሣች። «እኔ አባል ነኝ፤ ይህን ቤት ባሌ ሲያፈስሰው ምሳ አመላልሼለታለሁ። የእኔን ሰዓት ሰጥቼዋለሁ። ይናገር» አለች።

ወረቀትሽን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ብዙ አልተናገርኩም፤ ቀስቱን በጣቴ ብቻ ተከተልኩ። ከፊት ወንበር አንዲት ወጣት ሴት ተነሥታ መጣች። ሀገረ ስብከቱ የሕንፃውን ሁኔታ መርምራ ሪፖርት እንድትጽፍ የላካት ኢንጂነር ናት። መነጽሯን አደረገች፤ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብላ ቀስቶቹን አንድ በአንድ ተከተለች።

«ይህን የነደፈው ማነው?»

«ሚስቴ።»

«ኢንጂነር ነበረች?»

«ፕላን ነዳፊ ነበረች» አልኩ። ቤቴል ስትተረጉም ድምጿ ተለወጠ። በሰው ፊት ብላው አታውቅም ነበር፤ እናቷ የጽዳት ሠራተኛ እንደነበረች ብቻ ነው ስትናገር የኖረችው።

ኢንጂነሯ ቀና ብላ «መወጣጫውን የሠራው ማነው?» አለች። የመለሰችው ዶሮቲ ናት። «ሃዋርድ ነው። እናቱ በዊልቸር በነበረች ጊዜ፣ በራሱ እጅ ነው ያፈሰሰው።»

እታፉ፣ ሃዋርድ አውቆ ነው አልልም። ለእናቱ ብሎ ደከመ፣ ለእናት መድከም ነውር አይደለም። ቱቦውን ሲደፍነው ላያየው ይችላል። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ወረቀት ተሰጥቶት ሁለት ጊዜ ያልዘረጋው ለምን እንደሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳስበው እውላለሁ። ወይ የሚያየውን ፈርቷል፣ ወይ ያመጣችውን ሴት ንቋል። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም።

በሳምንቱ ቅዳሜ የተደፈነውን ቱቦ ከፈቱት። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ኢንጂነሯ በመሰላል ጣራው ላይ ወጣችና ከላይ ሆና ጮኸች፤ ሰባተኛው ሸለቆ ኩሬ ሆኗል፣ ችግኝ በቅሎበታል። ታች ሁለት ሠራተኞች የመወጣጫውን ጠርዝ በማሽን ሰበሩ። አንድ ክንድ ያህል እንደገቡ የብረት ቱቦው አፍ ብቅ አለ፤ ሲሚንቶ እንደ ቡሽ ተወትፎበታል። አንቺ ከነደፍሽበት ቦታ አንድ ስንዝር አላነሰም፣ አንድ ስንዝር አልበለጠም። ረጅም ብረት ሲሰዱበት መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ከዚያ ጥቁር ውሃ፣ የስንት ዓመት ቅጠልና ጭቃ ይዞ፣ በኃይል ወጣና ሣሩን አጥለቀለቀው። ሠራተኞቹ እየሳቁ ሸሹ። እኔ አልሸሸሁም። ጫማዬ በስብሶ፣ ካልሲዬ በስብሶ ቆሜ አለቀስኩ፤ ኢንጂነሯ ዕቃ የምትፈልግ መስላ ፊቷን አዞረችልኝ።

ኋላ ስታናግረኝ «አዲስ ቱቦ ማስገባት አለ፣ ስንጥቁን መጠገን አለ፤ መፍረስ ግን የለበትም። አርማታው ድንቅ ነው» አለችኝ። ሪፖርቷን ለቤቴል ልካላታለች፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ችግሩን ያገኘችው እታፈራሁ እንደሆነች ሙሉ ስምሽን ጽፋለች። ሪፖርቱ የቄሱ ቢሮም፣ የሃዋርድ እጅም ገብቷል። ይህን ልብ በዪልኝ፤ አላወቅንም ማለት አይችሉም።

ማፍረሱ ቀርቶ ጥገናው አለቀና ከሦስት ሳምንት በፊት እሑድ የምስጋና ቅዳሴ አደረጉ። ዶሮቲ ስለጠራችን ከቤቴል ጋር ሄድን። ግድግዳው ደርቋል። ባልዲ የለም። በመስታወቱ የገባው ብርሃን እንደዚያ ቀን ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ ካህኑም ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ደስ ብሎኝ ነበር፤ በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር። በየእሑዱ የሚታደለውን ወረቀት እስካነብ ድረስ።

ምስጋናው ግማሽ ገጽ ነው። መጀመሪያ ሃዋርድ፣ «ይህን አስቸጋሪ ጊዜ በጥበብ ስለመራ»። ከዚያ ኮሚቴው። ከዚያ ኢንጂነሯ። ከዚያ ሠራተኞቹ። ከዚያ ሕንፃውን ያኔ የነደፈው አርክቴክት፣ ሲሰድቡት ኖረው አሁን «ባለ ራእይ» ብለውታል። ከዚያ ለሠራተኞቹ ሳንድዊች ያዘጋጁት ሴቶች፣ በየስማቸው። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ማስታወቂያ ነው። አንቺ የለሽም። ሳንድዊች አለ፣ አንቺ የለሽም!

ደሜ ፈላ። ልነሣ ስል አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ፤ ቤቴል ናት። እንደ ሁልጊዜው «ሌት ኢት ጎ» ልትለኝ መስሎኝ ገላመጥኳት። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው፤ እሷም ገለበጠችው፤ እሷም ጀርባውን አየችው። ቅዳሴው አልቆ ቄሱ «ሌላ ማስታወቂያ ያለው?» ሲል ተነሥታ የቆመችው እሷ ናት።

የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንደገባኝ ልጻፍልሽ። «ይህን ቤት ያዳነችው እናቴ ናት። ሦስት ጊዜ ጽፋ ነግራችኋለች፤ እንግሊዝኛውን ያረምኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ስሟ ወረቀታችሁ ላይ የለም።» ከዚያ ስምሽን ጠራች፤ ፊደል በፊደልም ቆጠረችላቸው፣ ባንክ ቤት በስልክ እንደሚቆጠር፣ ቀስ ብላ፣ አንድም ሳትዘል። «እታፈራሁ ማለት እህት አፈራሁ ማለት ነው። እናንተም እህት አፍርታችሁ ነበር። ያወቃችሁት ግን ባልዲዋን ነው።»

ቄሱ ቀላ፤ ስሕተት ነው፣ በሚቀጥለው እሑድ ወረቀት ላይ «የቀድሞ የጽዳት ሠራተኛችን» ብለን እናወጣለን አለ። ቤቴል አልተቀመጠችም። «ፕላን ነዳፊ» አለች፤ «ፕላን ነዳፊ ብላችሁ ነው የምታወጡት።» ከኋላ ዶሮቲ ስምሽን ጮክ ብላ ደገመችው። አንድ ሌላ ሰው ሞከረው፣ ሰበረው፤ ሌላው አቃናው። የአማርኛ ስም በዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ ሲንከባለል የመጀመሪያው ይመስለኛል።

በሚቀጥለው እሑድ ወጣ። ሙሉ ስምሽ፣ ፕላን ነዳፊ ከሚለው ጋር። ግን እታፉ፣ ሁለት መስመር ናት፣ ከታች፣ ከመኪና ማቆሚያው ማስታወቂያ በላይ። ሃዋርድ በፊተኛው እሑድ ወረቀት ግማሽ ገጽ ላይ አንደኛ ነበር። ሰው ሁሉ «ይኸው ወጣላችሁ፣ ምን ቀራችሁ?» ይለኛል። የቀረኝን አውቀዋለሁ። አንቺ በሕይወት ሳለሽ አንድ ሰው ያን ወረቀት ቢዘረጋው ኖሮ በዓይንሽ ታዪው ነበር። ይህን በየትኛው ገጽ ያወጡልኛል?

የምስጋናው ቀን ስንወጣ ሃዋርድ መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ሁለት እጁ ላይ ያሽከረክራል፤ እሱም አርጅቷል። «ልሰማት ይገባኝ ነበር» አለኝ። እኔም «የስ» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ደኅና ነው፣ ምንም አይደል ልበለው? ምንም አይደል አይባልም፤ ምንም ነው። «የስ» ብዬ መኪናዬን አስነሣሁ። ቤት ስንደርስ ቤቴል ያን ንድፍሽን እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ቢሮ ወስዳ ጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ሰቅላዋለች፤ የሚጠይቃት ሁሉ የሚሰማው ረጅም ታሪክ ነው።

ፓስተራችን ጉዳዩን ሰምቶ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። ይቅርታ እንዳደርግ መከረኝ፣ ጸለየልኝም። ልክ ነው፣ ታዝዣለሁና እየተንገታገትኩም ቢሆን አደርጋለሁ። እርሳ ብሎ ያዘዘኝ ግን የለም። ስለዚህ እታፈራሁ፣ ይቅርታው ሲሞላልኝ ይሙላ፤ ያየሽውን፣ የነደፍሽውን፣ ሦስት ጊዜ ይዘሽ ሄደሽ ሦስት ጊዜ የተመለስሽውን እስክሞት አልረሳም፤ ማንም በአጠገቤ እንዲረሳውም አልፈቅድም።

ባልሽ፣
ደረጀ